ጣና ላይ ለምትዝናኑ፦ የቀለም ጣሳ መልህቅ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ስለ ጣና የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ስለ ገዳማቱ ጽፋችኋል፣ ስለ እምቦጭ ደጋግማችሁ ጽፋችኋል፣ ስለ ላይፍ ጃኬትም አንብቤያለሁ። ስለ መልህቅ ግን እስከ ዛሬ አንድ መስመር አላየሁም። ትንሽ ጀልባ ገዝቶ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡን ጭኖ የሚወጣው ሰው ደግሞ እየበዛ ነው። ለዚህ ነው ይቺን ደብዳቤ እንድታወጡልኝ የምጠይቀው።

የምለው ነገር አጭር ነው። መልህቅ በክብደቱ አይመረጥም። የሚመረጠው ጀልባዋ የምትቆምበት ወለል ጭቃ ነው፣ አሸዋ ነው ወይስ ድንጋይ የሚለው ታይቶ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ መልህቁ የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን ገመዱ አጭር ከሆነ ዋጋ የለውም። ይህን የሚያውቅ ሰው አለ፣ ግን አይናገርም። የማያውቀው ደግሞ ሻጩን ይጠይቃል፣ ሻጩም «ከበድ ያለውን ውሰድ» ይለዋል።

እስቲ ወደ ውሃው ዳር ወርዳችሁ የታሰሩትን ትንንሽ ጀልባዎች ውስጣቸውን ተመልከቱ። ብዙዎቹ ላይ የምታገኙት የቀለም ጣሳ ነው። ጣሳው ኮንክሪት ተሞልቶ፣ ሳይደርቅ ጎበጥ ያለ ፌሮ ተሰክቶበት፣ ፌሮው ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ ታስሯል። ገመዱ ቢረዝም አሥር ሜትር ቢሆን ነው። ፋይበሩ የሚያምር፣ ወንበሩ በቆዳ የተለበጠ፣ ኋላው ላይ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር የተሰቀለበት፣ ሙዚቃ ሳይቀር የተገጠመለት ጀልባ፣ መልህቁ የቀለም ጣሳ! ያንገበግበኛል።

ለምን ይሄን ያህል እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ቤተሰብ ሆኖ የሄደ ሰው ክብራን ሲደርስ ወንዶቹ ወርደው ሊሳለሙ ይወጣሉ። እናቶችና እህቶች ከትንንሾቹ ልጆች ጋር ዳር ላይ ወይም እዚያው ጀልባዋ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ነጂውም ብዙ ጊዜ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ጀልባዋን የያዘው መልህቁ ብቻ ነው። ያ መልህቅ ካልያዘ ሞተር ማስነሳት የማይችሉ ሰዎችን ነው ይዟቸው የሚሄደው።

ይህ ደግሞ ዝም ብሎ ስጋት አይደለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው ክብራን አጠገብ ቆመን ሳለ ያየሁት ነገር ነው። ከእኛ ራቅ ብላ በቆመች ጀልባ ላይ አንዲት እናት ከሁለት ልጆች ጋር ተቀምጣ ነበር። ንፋሱ ተነሳ። የጣና ንፋስ ጠዋት ጸጥ ብሎ ይውልና ከሰዓት በኋላ ነው ጉልበት የሚያወጣው። ጀልባዋ ቀስ እያለች ወደ ጥቁሩ ድንጋይ መንሸራተት ጀመረች። ሴትዮዋ ገመዱን በእጇ ይዛ «ኧረ ገመዱ ይንቀጠቀጣል!» እያለች ትጣራለች። እውነቷን ነበር። መልህቅ ወለሉን ሳይዝ ሲጎተት፣ ገመዱን የያዘ እጅ ላይ ያንቀጠቅጣል። ጣሳው ከድንጋይ ድንጋይ ሲላተም ይሰማል። የሌላ ጀልባ ልጅ ደርሶ ገመድ ወርውሮላት ጎትቶ አወጣቸው እንጂ ያ ፋይበር ድንጋዩ ላይ ይፈረካከስ ነበር። ባልየው ተሳልሞ ሲወርድ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር።

ከዚህ የምትወስዱት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ መልህቅ ከጣላችሁ በኋላ ገመዱን በእጃችሁ ያዙት። ወጠር ብሎ ጸጥ ካለ ይዟል። ከተንቀጠቀጠ ወይም እየላላ እየተወጠረ ከሄደ አልያዘም። ይህንን ጀልባ ላይ ለሚቀሩት ሁሉ አሳዩአቸው፣ ልጅም ቢሆን ይገባዋል።

አሁን ወደ ጣሳው ልመለስ። ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ቦታውን የለቀቀለትን ውሃ ያህል ክብደት ይቀንስለታል፣ ይህ ትምህርት ቤት የተማርነው ነው። ኮንክሪት ከውሃ የሚከብደው ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ሲገባ 40 በመቶ ያህሉን ክብደት ያጣል። መሬት ላይ 20 ኪሎ ሆኖ ወገባችሁን የቆረጠው ጣሳ ወለሉ ላይ ሲያርፍ 12 ኪሎ ገደማ ነው። ጥቁር ድንጋይም ሲሶ ያህሉን ያጣል። ብረት ግን የሚያጣው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጣሳው ክብ ነው፣ ምንም የሚይዝበት ጥርስ የለውም። ንፋሱ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጀልባዋን የሚገፋበት ኃይል እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ አራት እጥፍ ነው። ጠዋት ጀልባዋን አቁሞ የዋለው ጣሳ ከሰዓት በኋላ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ታንኳ ላይ ድንጋይ በገመድ አስሮ የሚጥል ሰው አያለሁ፣ እሱን አልወቅስም። የደንገል ታንኳ ቀላል ናት፣ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፣ ንፋስ የሚያገኘው አካል የላትም፣ ቀዛፊውም ዳሩን ይዞ ነው የሚሠራው። ጣራ የተሠራለት የፋይበር ጀልባ ግን ሌላ ነገር ነው። ጣራው ራሱ ንፋስ ይሰበስባል።

እውነተኛ መልህቅ የሚይዘው በመክበዱ ሳይሆን በመቆፈሩ ነው። እኛ ጎጃሞች ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፣ ማረሻን እናውቃለን። በሬዎቹ ወደ ፊት ሲስቡት ማረሻው አፈሩን ሰንጥቆ ይገባል። ወደ ላይ ብድግ ካደረጉት ግን ወዲያው ከትልሙ ይወጣል። መልህቅም ወለሉን ተከትሎ በአግድም ሲጎተት ይበልጥ ይቀበራል፣ ወደ ላይ ሲጎተት ይነቀላል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አራት ወይም አምስት ኪሎ የሆነ ጥሩ መልህቅ ጭቃ ውስጥ ከገባ የራሱን ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ይችላል። አንድ ልጅ በአንድ እጁ የሚያነሳው ብረት ሙሉ ጀልባ ያቆማል ማለት ነው። ግን አግድም ከተጎተተ ብቻ።

በአግድም እንዲጎተት የሚያደርገው ደግሞ ገመዱ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የማይሰማኝ። «መልህቁ ወለሉን ከነካ በቃ፣ ሌላው ገመድ ለምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። ያስፈልጋል! ደንቡ የታወቀ ነው፦ ከወለሉ እስከ ጀልባዋ የፊት ጫፍ ያለውን ከፍታ ለኩ፣ ያንን በሰባት አባዙ፣ ያን ያህል ገመድ ልቀቁ። አየሩ ጸጥ ካለና ሰው ጀልባዋ ላይ ካለ በአምስት ቢባዛም ይሆናል። ንፋሱ ክፉ ከሆነ ግን ያላችሁን ሁሉ ልቀቁ፣ አሥር እጥፍ ቢሆንም አይበዛም።

ጣና ላይ ይህን ማድረግ ከባድ አይደለም። ሐይቁ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ነው፣ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታም 14 ሜትር ገደማ ነው። በአራት ሜትር ውሃ ላይ ብትቆሙና የጀልባችሁ አፍንጫ ከውሃው በላይ አንድ ሜትር ቢሆን ድምሩ አምስት ነው፣ ሲባዛ 35 ሜትር ገመድ። በ8 ሜትር ውሃ ላይ 63 ሜትር። አሥር ሜትር ገመድ ይዞ 8 ሜትር ውሃ ላይ የሚቆም ሰው መልህቁን ወለሉ ላይ አንጠልጥሎት ነው እንጂ አልቆመም። 60 ሜትር ገመድ የያዘ ሰው ግን ጣና ላይ መዝናኛ ጀልባ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል ይበቃዋል። ደግሞ ወቅቱን አትርሱ። የሐይቁ ውሃ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከአንድ ሜትር በላይ ይጨምራል። ግንቦት ላይ የለመዳችሁት ቦታ መስከረም ላይ የበለጠ ገመድ ይጠይቃችኋል።

ጥልቀት ለመለካት መሣሪያ መግዛት የለባችሁም። ሲባጎ ላይ ድንጋይ እሰሩ፣ በየሁለት ክንዱ ቋጠሮ አድርጉ፣ ጣሉትና ቁጠሩ። የመልህቁን ገመድ ደግሞ በየአምስት ሜትሩ ቀለም ቀቡት ወይም ቁራጭ ጨርቅ እሰሩበት። ያኔ ስንት እንደለቀቃችሁ በግምት ሳይሆን በዐይናችሁ ታያላችሁ።

ስለ ገመዱ ዓይነትም ልበል። ያ በየሱቁ የሚሸጠው ሰማያዊና ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ ለመልህቅ አይሆንም። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሲንሳፈፍ የሌላ ሰው ጀልባ ፕሮፔለር ይጠመጠምበታል፣ የራሳችሁም ይጠመጠምበታል። ፀሐይ ላይ ሲከርም ደግሞ ይደርቃል፣ እጅ ላይ እንደ ገለባ ይፈረፈራል። የሚፈለገው ናይለን ነው። ናይለን ይሰምጣል፣ ሲወጠር ይለጠጣል፣ ማዕበል ጀልባዋን ሲያነሳት ድንገት ከመንጨቅ ይልቅ ቀስ ብሎ ይሰጣል፣ መልህቁም አይነቀልም። ሻጩ «ናይለን ነው» ካላችሁ ቁራጭ ጠይቁት። ባልዲ ውሃ ላይ ጣሉት። ከተንሳፈፈ ናይለን አይደለም፣ መልሱለት። ለአምስት ለስድስት ሜትር ጀልባ ባለ 10 ሚሊ ይበቃል። ባለ 12 ሚሊ ደግሞ ሲጎትቱት ለእጅ ይመቻል።

ገመዱ በቀጥታ ከመልህቁ ጋር አይታሰርም። መሐል ላይ ሰንሰለት ይገባል፣ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ። ሰንሰለቱ ሁለት ሥራ ይሠራል። በክብደቱ ወለሉ ላይ ተኝቶ መልህቁን አግድም ያስጎትተዋል፣ ድንጋይ ላይ ሲፋተግ ደግሞ እንደ ገመድ አይበጠስም። ሰንሰለቱን ከመልህቁ የሚያገናኘው ባለ ቡሎን የብረት ቀለበት ከተጠበቀ በኋላ ቡሎኑን በማሰሪያ ሽቦ እሰሩት። ካልታሰረ በመንቀጥቀጥ ብዛት ይፈታል። የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከጀልባዋ ጋር ይታሰር። ሳይታሰር ቀርቶ መልህቅ ከነገመዱ ውሃ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ባለቤቱ የገመዱን ጫፍ በዐይኑ ሸኘው፣ ሌላ ምን ያድርግ።

አሁን የመልህቁ ዓይነት። ለእኛ ሐይቅ ከሁሉ የሚቀድመው ዳንፎርዝ የሚባለው ነው። ሪቻርድ ዳንፎርዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው የሠራው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር በሚያወርዱ ጀልባዎች ላይ አገልግሏል። ጠፍጣፋ ነው፣ ሁለት ሰፋፊ ስለቶች አሉት፣ ስለቶቹ ከመሐሉ ዘንግ ጋር ወዲያና ወዲህ ይታጠፋሉ። በየትኛውም ጎኑ ቢወድቅ ስለቶቹ ወደ ታች ዞረው ይቆፍራሉ። ጭቃና አሸዋ ላይ ለክብደቱ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ወንዞች ደለል በሚያስገቡበት ዳር፣ ለምሳሌ ግልገል አባይ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ፣ ወለሉ ለስላሳ ጭቃ ነው። እዚያ ጣሳም ሆነ ድንጋይ ቅቤ ላይ እንዳለ ይንሸራተታል። ዳንፎርዝ ግን ይቀበራል። ለአምስት ስድስት ሜትር ጀልባ ከ4 እስከ 6 ኪሎ የሆነው ይበቃል።

በአካባቢያችን ብየዳ ቤቶች ይህን መልህቅ አስመስለው ሊሠሩ የሚሞክሩ አሉ። መሞከራቸውን አደንቃለሁ። ግን ሚስጥሩ ማዕዘኑ ላይ ነው። ስለቱና ዘንጉ የሚሠሩት ማዕዘን 30 ዲግሪን ብዙም ማለፍ የለበትም። ማዕዘኑ በጣም ከሰፋ መልህቁ ጠንካራ አሸዋ ላይ አፍንጫውን ነክሶ ከመግባት ይልቅ ይንከባለላል። በጣም ለስላሳ ጭቃ ላይ ደግሞ ሰፋ ያለ ማዕዘን ይሻላል። ፎርትረስ የሚባለው የአልሙኒየም መልህቅ ለዚሁ ብሎ 32 እና 45 ዲግሪ ላይ እንዲስተካከል ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ በያጁን «ከላሜራ ቆርጠህ ሥራልኝ» ከማለታችሁ በፊት ማዕዘኑን ይለካ። ስለቱ ጫፉ የሾለ ይሁን፣ ዘንጉም ከወፍራም ብረት።

ዳንፎርዝ ድክመት የለውም ማለቴ አይደለም። ድንጋይ ላይ አይይዝም። ደንገልና ሌላ የውሃ ሣር በበዛበት ቦታ ስለቶቹ መሐል ሣር ይጠመጠምና እንደ በረዶ መንሸራተቻ በላዩ ላይ ይሄዳል። ንፋሱ አቅጣጫውን ከቀየረ ደግሞ ተነቅሎ እንደገና ላይገባ ይችላል። ገመዱን በእጃችሁ ያዙት ያልኩት ለዚህም ነው፣ ንፋሱ ሲዞርም እንደገና ያዙት።

ለድንጋይ ሌላ መልህቅ ያስፈልጋል። ክብራንና እንጦስ ዳርቻ፣ ዘጌም ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመሳለም በሚወረድበት በኩል፣ ጥቁር ድንጋይ አለ። እዚህ የሚበጀው ባለ ጣት መልህቅ ነው። ይህን ማንም በያጅ ይሠራዋል። አንድ ክንድ የምታህል ቱቦ፣ አራት ወይም አምስት ባለ 10 ፌሮ፣ ፌሮዎቹ በቱቦው ውስጥ አልፈው ከታች በኩል እንደ ጣት ተቆልምመው፣ ከላይ ደግሞ ሰንሰለት የሚገባበት ቀለበት። በቃ። ቱቦው ጥቁር ብረት ይሁን። ጋልቫናይዝድ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ለበያጁ ጤና አይበጅም።

ለምን ፌሮ፣ ለምን ጠንካራ ብረት አይሆንም ትሉኝ ይሆናል። ድንጋይ ላይ ትልቁ ችግር መልህቁ አለመያዙ አይደለም፣ ከያዘ በኋላ አለመልቀቁ ነው። ጣቱ ስንጥቅ ውስጥ ይገባና እምቢ ይላል። ቀጭን ፌሮ ግን ጀልባዋ በሞተር ስትስበው ቀጥ ይልና ይወጣል። ቤት ስትገቡ በመዶሻ መልሳችሁ ታጎብጡታላችሁ። ለዚህ ነው በዓለም ዙሪያ ድንጋይ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ይህን ርካሽ መልህቅ የሚወዱት። በገበያ የሚገኘው ባለ አራት ጣት ተጣጣፊ መልህቅም የዚሁ ዘመድ ነው። ትንሽ ነው፣ ያምራል፣ ቦታ አይፈጅም፣ ግን ጭቃ ላይ ምንም አይረባም። ከጀልባው ጋር አብሮ ተሰጠኝ ብላችሁ እሱን ብቻ ተማምናችሁ አትውጡ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው መልህቅ ጭቃ ውስጥ ቆይቶ ቆይቶ ሲቀበር ነው የሚይዘው፣ ለቋሚ ማሰሪያ እንጂ ለሽርሽር አይሆንም። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጂ. አይ. ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣው ሲ.ኪው.አር የሚባለው ባለ ማረሻ መልህቅ በዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር፣ ግን ክብደት ስለሚፈልግ ለትንሽ ጀልባ አይመከርም። ብሩስ የሚባለው ባለ ጥፍር በቀላሉ ይገባል፣ በድንጋይም በአሸዋም ይሞክራል፣ ነገር ግን ለክብደቱ የሚችለው ጉልበት አነስተኛ ስለሆነ ከፍ ያለ ኪሎ መግዛት ይጠይቃል። አዲሶቹ፣ እነ ሮክናና ስፔድ፣ ከሁሉም የተሻሉ ናቸው። ቶሎ ይገባሉ፣ ንፋስ ሲዞርም ይዞራሉ። አቅሙ ያለውና ከውጭ የሚያስመጣለት ዘመድ ያለው ሰው ይግዛ። ሌላው ሰው ግን አንድ ዳንፎርዝና አንድ የፌሮ መልህቅ ቢይዝ ጣና ላይ አያፍርም።

አጣጣሉንም ካልተናገርኩ ደብዳቤው ጎዶሎ ይሆናል። መልህቅ አይወረወርም፣ ይወርዳል። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ንፋሱ አዙራችሁ ቁሙ፣ መልህቁን ቀስ ብላችሁ አውርዱ፣ ወለሉን ሲነካ ጀልባዋ ወደ ኋላ እየሸሸች ገመዱን ልቀቁ። በመጨረሻ ገመዱን አስራችሁ ሞተሩን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ስጡት፣ ያኔ መልህቁ ይቀበራል። ከዚያ ዳር ላይ ሁለት ነገር ምረጡ፣ ለምሳሌ አንድ ትልቅ ዋርካና ከኋላው ያለ ጣራ። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ከቆዩ ጀልባዋ አልተንቀሳቀሰችም። ከተለያዩ እየተንሸራተተች ነው።

እባካችሁ፣ መልህቅ ከኋላ አትሰሩ። ይህን የምጽፈው በጩኸት ነው። ባለፈው ክረምት ተከራይተን በወጣንበት ጀልባ ነጂው ገመዱን ሞተሩ አጠገብ አሰረው። የጀልባ ኋላ ዝቅ ያለ ነው፣ ሞተሩም እዚያ ነው፣ ክብደቱም እዚያ ነው። ማዕበሉ ሲመጣ ገመዱ ኋላውን ወደ ታች ያዘው፣ ውሃው በሞተሩ ጎን ተሻግሮ እግራችን ሥር ገባ። አሮጊት እናቴ ነጠላዋን ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ አንድ ቃል አልተናገረችም። «ወንድሜ፣ ወደ ፊት እሰረው» አልኩት፣ አሰረው፣ ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ አዞረችና ውሃው መግባቱን አቆመ። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ትንንሽ ጀልባ ውሃ ሞልቶ የሚሰምጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ድንጋይ ውስጥ ለሚቀረቀር መልህቅ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ። ከመልህቁ ታች በኩል ሌላ ቀጭን ገመድ እሰሩ፣ ርዝመቱ ከውሃው ጥልቀት ትንሽ ይብለጥ፣ ጫፉ ላይ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ሃይላንድ አንጠልጥሉ። መልህቁ እምቢ ሲል ሃይላንዱን ይዛችሁ በዚያ በኩል ሳቡ፣ በገባበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ሃይላንዱ ደግሞ ለሌሎች ጀልባዎች መልህቃችሁ የት እንዳለ ያሳያል። ከተጠቀማችሁ በኋላ ግን ይዛችሁት ተመለሱ፣ ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈው ፕላስቲክ ይበቃናል።

መልህቅ የምሳ ሰዓት ዕቃ ብቻ እንዳልሆነም እወቁልኝ። አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ለማየት የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። እዚያ ውሃው ወደ ጨራ ጨራ ግድብ ይስባል። ሞተር እዚያ ቢጠፋ ጀልባዋን ባለችበት የሚያቆማት መልህቁ ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ መልህቁ ከወንበር ሥር፣ ገመዱ ተወሳስቦ፣ ላዩ ላይ የለስላሳ ሳጥን ተጭኖበት ከሆነ አለ አይባልም። ገመዱ በዘንቢል ወይም በባልዲ ውስጥ ተዘርግቶ፣ ሰንሰለቱ ከላይ፣ መልህቁ ከፊት በኩል እጅ በሚደርስበት ይሁን። ልጆች ገመዱ ላይ እንዳይቆሙ ንገሯቸው፣ ሲለቀቅ እግር ይዞ ይሄዳል።

አሁን የምጠይቀውን ልጠይቅ። ጀልባዎችን የሚመረምረው የሚመለከተው አካል ላይፍ ጃኬት ሲቆጥር የመልህቁንም ገመድ ይለካ። «መልህቅ አለህ?» ብሎ ብቻ አይለፍ፣ ጣሳውም አለሁ ይላል። ገመዱ ስንት ሜትር ነው? ናይለን ነው? ሰንሰለት አለው? የት ነው የታሰረው? አራት ጥያቄ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። የጀልባ ማኅበራትም አዲስ ነጂ ሲቀበሉ መንዳት ብቻ ሳይሆን መቆምን ያስተምሩት። የዕቃ ነጋዴዎች ደግሞ ይህን ካነበባችሁ፣ ሞተርና ዘይት ስታስመጡ ባለ 5 ኪሎ ዳንፎርዝ፣ ባለ 10 ሚሊ ናይለንና ጋልቫናይዝድ ሰንሰለት ጨምሩበት። ገዢ አለ። አሁን ያለው ሰው ጣሳ የሚጠቀመው ወድዶ አይደለም፣ ሌላ ነገር ሱቅ ላይ ስላላየ ነው።

እናንተም ዝግጅት ክፍሎች ቦታ ካላችሁ የፌሮውን መልህቅ ሥዕል ከነልኩ አውጡት። እኔ ሠርቼ ልልክላችሁ እችላለሁ። ዘጌም ይሁን ቁንዝላ ያለ በያጅ ጋዜጣውን ቆርጦ ግድግዳው ላይ ቢለጥፈው ከዚያ በኋላ ጠያቂ አያስፈልገውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከባሕር ዳር